«በዚህ ዕድሜሽ ነርስ?»

አሰላ ውስጥ አንዲት የሠላሳ አራት ዓመት ሴት «ሱቅ ልከፍት ነው» ብትል ዕድሜዋን የሚጠይቃት የለም። ባጃጅ ገዝታ ለሾፌር ብትሰጥ «ጎበዝ» ትባላለች። «ነርሲንግ ልማር ነው» ካለች ግን ከጎረቤት እስከ ኮሌጅ መዝጋቢ ድረስ አንድ ጥያቄ ይከተላታል፦ «በዚህ ዕድሜሽ?» አንዳንዱ አዝኖላት ነው የሚጠይቀው፤ አንዳንዱ ሳቁን አፍኖ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ የሚዘጋውም አለ።

እኔ በዚሁ በአርሲ ደጋ ነርስ ሆኜ ስሠራ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም ስለምከታተል ጥያቄውን ከሚጠይቁትም ከሚጠየቁትም ሰምቼዋለሁ። ተገልብጦ የተጠየቀ ነው እላለሁ። መልስ ያለብን እኛ ነን። ሙያውን ሳይመርጥ ተመድቦ የመጣውን ልጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት እያስተማርን፣ ሙያውን መርጣ የመጣችውን ሴት ለምንድን ነው «ገንዘብሽን ይዘሽ ገበያ ውጪ» የምንላት?

ነርስ በአገራችን እንዴት እንደሚኮን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አንዱ መንገድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አራት ዓመት ተምሮ በዲግሪ መውጣት፣ ከዚያ የመውጫ ፈተናውን፣ ቀጥሎም ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ። ሌላው በመንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም በግል ኮሌጅ እስከ ደረጃ 4 ተምሮ «ሲኦሲ» የምንለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ነው፤ በልማድ ዛሬም «ዲፕሎማ» ነው የምንለው። የዩኒቨርሲቲው በር ምን ያህል እንደጠበበ ያልሰማ የለም፤ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያ ቀዳዳ ሾልከው ካለፉትና ጤና ከሚፈልጉት ውስጥ አብዛኞቹ የሚያልሙት ሕክምናን ነው። ሕክምና ያመለጠው ነርሲንግ ይደርሰዋል። «ይደርሰዋል» ነው የምንለው፤ ልክ እንደ ዕቁብ።

አዲስ ተማሪዎች ወደ ዋርድ በገቡ በመጀመሪያው ቀን «ለምን ነርሲንግ መረጣችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፈገግ ይላሉ። «ደርሶኝ ነው ሲስተር» ይላል አንዱ። «ውጤቴ ለዚህ ነው የበቃው» ትላለች ሌላዋ። አንዱ ልጅማ «እኔ አልመረጥኩም፣ እሱ ነው የመረጠኝ» ብሎ ጓደኞቹን አስቋል። አልቀየማቸውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ማን ምን መርጦ ያውቃል? ከእነሱ መሐል የመጀመሪያውን የቁስል ሽታ መቋቋም አቅቶት ወጥቶ ያስታወከ፣ ዛሬ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሐኪሞች በስም የሚፈልጉት ነርስ የሆነ አለ። ሁለት ዓመት ሠርቶ ባንክ የገባም አለ፤ ቢያንስ እዚያ ሌሊት ይተኛል። እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች የተከፈተው በር ይዘጋ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ግን ሥርዓቱ በሙሉ የተሠራው ለእነሱ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ከጨረሱ ገና ክረምት ላላለፋቸው።

አሁን ደግሞ ሌላዋን ላምጣ። የሳጉሬ አካባቢ ልጅ ናት። አርሲ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በብዛት ከሚሸኙ አካባቢዎች አንዱ መሆኑን የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ እሷም 10ኛ ክፍል ጨርሳ ሳዑዲ ሄደች። ሪያድ ውስጥ አንድ ቤት ስምንት ዓመት ሠራች። የቤቱ እመቤት እናት ስትሮክ ያደረጋቸው፣ ስኳር ያለባቸው አሮጊት ነበሩ። ይህች ሴት አሮጊቷን በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጠች ስምንት ዓመት ሙሉ የመኝታ ቁስል ሳታስወጣባቸው ኖረች። ነርስ ያልሆነ አንባቢ ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው ስለሚችል ልድገመው፤ አንድም የመኝታ ቁስል! ሦስትና አራት ነርስ ያለው ዋርድ የማይሳካለት ነገር ነው። በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብ፣ ስኳር መለካት፣ ኢንሱሊን መውጋት፣ ሽንት በቀን ስንት እንደወጣ መዝግቦ መያዝን በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች የምታይ ፊሊፒናዊት ነርስ አስተማረቻት። ነርስነት የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀችው ያኔ ነው። «ሲስተር፣ እኔ ሠራተኛ ሆኜ የምሠራውን እሷ ባለሙያ ሆና ነበር የምትሠራው» ነው ያለችኝ።

አሮጊቷ ሲያርፉ ወደ አገሯ ተመለሰች። ያጠራቀመችውን ዘመዶቿ ወፍጮ ቤት፣ ሱቅ፣ የከተማ ቦታ እያሉ አሰሉላት። እሷ ነርሲንግ አለች። በየቢሮው ስትዞር የሰማችው አንድ ነው፤ ማስታወቂያው የሚወጣው በዚያ ዓመት ለተፈተኑት ነው፣ የእሷ ወረቀት የድሮው የ10ኛ ክፍል ነው፣ ያ ፈተና ቀርቷል። አንዱ ቢሮ ከሌላው ቢሮ ደብዳቤ አምጪ አላት፤ ሌላው ቢሮ ደብዳቤውን የሚጽፈው የመጀመሪያው ነው አላት። ስምንት ዓመት የሠራችው ሥራ የትኛውም ፎርም ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። «የሥራ ልምድ» የሚለው መስመር ላይ ማኅተም ያለው ወረቀት ይፈልጋል፤ ሪያድ ያለች እመቤት ደግሞ ማኅተም የላትም። በመጨረሻ የተቀበላት የቅዳሜና እሑድ ክፍል ያለው የግል ኮሌጅ ነው፤ የተቀበላትም የመጀመሪያውን ክፍያ በከፈለችበት ቀን ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው? አሮጊት ስላገላበጠች ፈቃድ ይሰጣት?» ኧረ በፍጹም! የመድኃኒት መጠን ማስላት፣ ደም ሲሰጥ የሚመጣውን አደጋ ማወቅ፣ አራስን መከታተል በልምድ ብቻ አይገኝም፤ ያልተማረ እጅ ይገድላል። እሷም ያለ ትምህርት ስጡኝ አላለችም። የምለው የመግቢያው በር ላይ ይቆጠርላት ነው። ይህ ደግሞ ከኪሴ ያወጣሁት ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ዋና መሠረቱ ምን ነበር? ሰው ችሎታውን የትም ያግኘው የት፣ በትምህርት ቤትም ይሁን በሥራ ላይ፣ ተመዝኖ ይታወቅለት የሚል አልነበረም? ግንበኛውና ብየዳ ሠራተኛው በዚህ ተጠቅመዋል። ሰው በማስታመም የተገኘ ችሎታ ላይ ሲደረስ ነው ወረቀቱ የተረሳው፤ ማስታመም የሴት ወግ እንጂ ሙያ የማይመስለን ስለሆነ ይመስለኛል።

መንግሥት ራሱ ከዚህ በፊት በሩን በሌላ ቁልፍ ከፍቶ ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች የተመረጡት እንዴት ነበር? 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የሆኑ፣ የሕዝቡን ቋንቋ የሚናገሩ ተብለው ነው። አንድ ዓመት ሠልጥነው ከ30,000 በላይ ሆኑ። ዛሬ በየስብሰባው ለእንግዳ የምናሳየው ሥራ የተሠራው በከፍተኛ ውጤት ሳይሆን በዚያ ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ያለውን የፌስቱላ ሆስፒታልም ያየ ያውቃል፤ ብዙዎቹ የነርስ ረዳቶች ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች ናቸው። ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳትቆጥር ታካሚ ሆና ገብታ፣ ሐኪሞቹ አጠገብ እየቆመች ተምራ የፌስቱላ ቀዶ ጥገና የምትሠራ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ከሸለማቸው አንዷ ናት። ይህ ለሁሉም ሊደገም የሚችል መንገድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን «አዋቂ ሰው አይማርም» የሚል ሰው እሷ ፊት ቆሞ ይበለው።

አሰላማ ይህን ለማለት የመጨረሻዋ ከተማ መሆን ነበረባት። በ1960 ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር «ካዱ»ን እዚህ ሲያቋቁሙ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወተት ላም የተማረው ማን ነው? የአምስትና የስድስት ልጆች አባት የሆነ ገበሬ ነው። ዛሬ የአርሲ ስንዴና የብቅል ገብስ እያልን የምንኮራበት ነገር የአዋቂ ትምህርት ፍሬ አለበት። አያቶቻችንን «በዚህ ዕድሜዎ ማዳበሪያ?» ያላቸው አልነበረም፤ ቢል እንኳ አዝመራው መልስ ሰጥቶታል።

ወደ ሌላው ጉድ ልለፍ፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ሚኔሶታ ያለች የአክስት ልጅ አርባ ዓመቷ ላይ ነርሲንግ ጀመረች ሲባል ቤተሰቡ ምን ይላል? እልል ነው! መጀመሪያ የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወስዳ የነርስ ረዳት ሆና አረጋውያን መንከባከቢያ ገባች፤ ሌሊት እየሠራች ቀን ኮሙኒቲ ኮሌጅ ተማረች፤ ከዚያ «ኤንክሌክስ» የሚባለውን ፈተና አለፈች፤ አሁን አር ኤን ናት። ፎቶዋ በነጭ ጋውን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሚኒያፖሊስና በዋሽንግተን ዙሪያ ይህን መንገድ የሄዱ የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ታክሲ ሲነዱ የነበሩ፣ እዚህ መምህር የነበሩ፣ ሦስት ልጅ ያሳደጉ። እዚያ ማንም ዕድሜ አልቆጠረባቸውም፤ አረጋውያንን ያስታመሙበት ሥራም መሰላል ሆናቸው እንጂ ማፈሪያ አልሆነባቸውም። የሳጉሬዋ ሴት ሪያድ የሠራችው ሥራና የአክስት ልጅ ሚኔሶታ የጀመረችበት ሥራ ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ በዶላር ተከፈለ፤ ሌላው በሪያል። አሜሪካ ሲሆን «ተምራ ሰው ሆነች»፣ አሰላ ሲሆን «አበደች»። ይኼ ምክር ነው እንዴ?

ለነገሩ በዕድሜ ከሆነ የሙያው እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ዘግይታ ነው የመጣችው። እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደች የሀብታም ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ነርስነትን እንደ ውርደት አይቶ ዓመታት ከልክሏት ጀርመን ካይዘርስቨርት ሄዳ ለሦስት ወር የሠለጠነችው በ1851፣ በ31 ዓመቷ ነው። እኛም ዘንድ ንቀቱ የመጣው ከየት እንደሆነ ይገርመኛል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቀዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕመምተኛ ሽንት ጨርቅ ቀይረዋል ማለት ነው። በ1942 ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ፤ በስማቸው የተሠራውን ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች ብለን እንጠራዋለን። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር»፣ የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ሆነው ቀሩ። ወንዱ ነርስ «ዶክተር አይደለሁም» ሲል አስታማሚው ፊት ላይ የሚታየውን ቅሬታ ሥራው ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን የምር የሆነውን ተቃውሞ ልያዝ፤ ዕድሜ ማለት ሽፋኑ ነው። «ሥራ የለም። ተመርቀው የተቀመጡ ልጆች ሞልተዋል። ደመወዙም አያኖርም። ያጠራቀመችውን ይዛ ለምን ትከስር?» ይህን የሚለው ሰው አልተሳሳተም። ወጣት ተመራቂ ነርሶች በየቤታቸው አሉ፤ ይህ በየወረዳው የሚታይ ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ጥቅማ ጥቅም ጮኸው ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውን፣ የታሰሩም መኖራቸውን ሁላችንም አይተናል። በ2018 መግቢያ የተነገረው አዲስ ስኬል የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅን ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አንስቶታል፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ምን እንደሚሠራ አንባቢ ራሱ ያስላው። የሌሊት ዲዩቲ አለ። በአርሲ ደጋ ብርድ፣ በነሐሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካኑላ ለመትከል የሕመምተኛ ደም ሥር መፈለግ ምን እንደሆነ ልንገራት ወይ? ነግሬያታለሁ። ሁሉንም ነግሬያታለሁ።

ግን ሥራ የለም ማለትና ነርስ አያስፈልግም ማለት ይለያያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ10,000 ሰው 44.5 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ይላል፤ እኛ ከዚያ እጅግ ርቀን ነው ያለነው። ሠላሳ አልጋ ያለበትን ዋርድ ሌሊት ሁለት ነርስ ሲይዘው፣ ውጭ ደግሞ ሥራ አጥ ነርስ ሲቀመጥ፣ የጠፋው የሥራ መደቡ በጀት ነው። ይህን የበጀት ጉዳይ በአንዲት ሴት ዕድሜ ላይ መለጠፍ አይን ያወጣ ነው። ደግሞስ አዋቂዋን ብቻ ለምን ነው ከኪሳራ የምንጠብቃት? የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ «ሥራ የለም፣ አትግባ» አንለውም። እሱ አራት ዓመት ቢከስር ወጣት ነው ይበላል። እሷ ግን ገንዘቡ የራሷ ነው፤ በስምንት ዓመት ጉልበት የመጣ። ሒሳብ የማወቅ መብቷ ከእኛ ይበልጣል።

«የቅዳሜና እሑድ ነርስ» የሚለው ሌላው ስድብ ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ስላለ ሳልሸሽ ልናገር። ደካማ ኮሌጅ አለ። አንድ የፕላስቲክ ክንድ ላይ መርፌ መውጋትን ስድሳ ሰው የሚማርበት ክፍል አለ። ለልምምድ ወደ ሆስፒታል ሲላኩ አንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ ቆሞ፣ ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ብቻ ነው። ሕመምተኛውስ? አንዲት የቦቆጂ እናት አንድ ጊዜ «ልጆቼ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ብለውናል። ይህን ያደረገው ግን ተማሪዋ አይደለችም። ኮሌጁ እንዲያስተምር ፈቃድ የሰጠው፣ ሆስፒታሉ ከአቅሙ በላይ ተማሪ እንዲቀበል ውል የፈረመው ሌላ ነው። እንዲያውም ከእነዚያ አሥራ አምስት መሐል ሁሉም ሲበተን ወደ ኋላ ቀርታ «ሲስተር፣ ይህን ፋሻ እኔ ልቀይረው?» የምትለኝ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋችው ናት። ክፍያውን ራሷ ነዋ የከፈለችው! እንዳይባክንባት ትፈልጋለች።

ስለዚህ ምክር የሚጠይቀኝ አዋቂ ሲመጣ ስለ ዕድሜ አላወራም። ክፍያ ሳትከፍይ ኮሌጁ ለነርሲንግ፣ ለዚያች ከተማ፣ ለዚያ ደረጃ ያለውን ዕውቅና በዓይንሽ እዪ እላለሁ፤ ግቢው በር ላይ የተለጠፈው ባነር ዕውቅና አይደለም። የትኛው ሆስፒታል ነው የሚወስዳችሁ፣ ስንት ሳምንት፣ ማን ነው የሚከታተላችሁ በዪ። ባለፈው ዓመት ከጨረሱት ስንቱ ሲኦሲ አለፉ ብለሽ ኮሌጁን ሳይሆን የጨረሱትን ጠይቂ፤ አሰላ ትልቅ ከተማ አይደለችም፣ ታገኛቸዋለሽ። የኬሚስትሪና የሒሳብ ደብተር ካገኘሽ ክረምቱን ከእሱ ጋር አሳልፊ፤ አዋቂን የሚጥለው ስሌቱ እንጂ ሕመምተኛው አይደለም። ባል ካለ ደግሞ ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ እራት ማን እንደሚሠራ ከምዝገባው በፊት ተነጋገሩ። ይህ የመጨረሻው ያስቃል፤ ግን በዚህ ምክንያት ያቋረጡ አውቃለሁ፣ በውጤት ምክንያት ካቋረጡት አያንሱም።

ከመንግሥት ወገን የምጠይቀውም ሰማይ አይነካም። የአርሲን ደጋ የሚያገለግሉ የመንግሥት ኮሌጆች ከእያንዳንዱ የነርሲንግ ክፍል አምስት ወንበር ከ25 ዓመት በላይ ለሆኑና አስታማሚነት፣ የጤና ልማት ሥራ ወይም መሰል ልምድ ላላቸው ይለዩ። የመግቢያ ፈተና ይስጧቸው፣ የከበደ ይሁን። የወደቀ ይውደቅ። ያለፈው በሌላው ተማሪ ሒሳብ ይማር፤ ሲጨርስ በወረዳው ጤና ጣቢያ የተወሰነ ዓመት ያገልግል። ቤቱ እዚያ ነው፣ ልጆቹ እዚያ ናቸው፤ ምድቡ ሩቅ ነው ብሎ በስድስት ወር አይጠፋም። ከጢቾ የመጡ አዛውንት ሌሊት በኦሮምኛ «ደረቴን» ሲሉ አስተርጓሚ ፍለጋ ጥበቃውን አይቀሰቅስም።

ይህንኑ ሐሳብ ጽፌ ባለፈው ዓመት ለአንድ ኃላፊ ሰጥቼ ነበር። ጥሩ ነው አሉኝ፤ ግን መመሪያው አይፈቅድም አሉ። የትኛው መመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ ብዬ ጠየቅሁ። ፈልገው ሊነግሩኝ ስልኬን ተቀበሉኝ። የሳጉሬዋ ሴት በዚህ መሐል ሁለተኛ ዓመቷን ጀምራለች፤ ስልኩ ግን እስካሁን አልጠራም።